መርፌውን ለምን ተወችው? ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ ማቋረጥ የሚባለውና እውነታው

«ያቆመችው ልጅ ፈልጋ ነው»

አንዳንዷ አዎ። ግን በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ከተጀመሩት የወሊድ መቆጣጠሪያዎች 35 በመቶው ዓመት ሳይሞላ ይቋረጣሉ። ልጅ ሳያምራትም የምትተወው ብዙ ናት። ደሟ ይዛባል፣ ራሷን ያማታል፣ ወይ በቀጠሮዋ ቀን «መድኃኒቱ አልቋል» ትባላለች። ሰነፍ ናት ማለት ለአፍ ይቀላል።

«የወር አበባ ካልመጣ ደሙ ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል»

በየ3 ወሩ የሚወጉትን መርፌ የሚያስተወው ዋናው ወሬ ይሄ ይመስለኛል። የማኅፀን የውስጥ ሽፋን በየወሩ ይወፍራል፤ እርግዝና ከሌለ ፈርሶ ይወጣል። የወር አበባ ማለት ያ ነው። መርፌው ሽፋኑን ያሳሳዋል። የሚፈርስ ከሌለ የሚፈስም የለም። አንድ ዓመት ከተወጉት ግማሽ ያህሉ ደም አያዩም። ይህን ቀድማ የሰማች አትደነግጥም። ያልሰማችው ግን «አርግዤ ይሆን?» ትላለች፤ ጎረቤቷ ደግሞ «ተጠራቅሞብሽ ነው» ትላታለች። በቃ፣ ቀጣዩ ቀጠሮ ቀረ።

«መሃን ያደርጋል»

አያደርግም። ኪኒን ሲቆም፣ ማኅፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ ወይም ክንድ ላይ የተቀበረው ሲወጣ ወዲያው ማርገዝ ይቻላል። ወሬው ሰበብ ያገኘው ከመርፌው ነው፤ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ለማርገዝ በአማካይ 10 ወር ገደማ ይወስዳል። መዘግየት ነው እንጂ መምከን አይደለም። ግን አማቷ በየወሩ ሆዷን ለምታይባት ሙሽራ 10 ወር ቀላል አይደለም። ቶሎ መውለድ ያሰበች ሌላውን ብትመርጥ ይሻላታል።

«በደንብ ያልበላች፣ ከባድ ሥራ የምትሠራ አትችለውም»

ክንድ ላይ የሚቀበረው የክብሪት እንጨት ያህል ነው። የተለየ ምግብ አይፈልግም። ውሃ መቅዳትም እንጀራ መጋገርም አይከለክልም፤ ቁስሉ እስኪድን ጥቂት ቀን ክንዱን ማሳረፍ ብቻ ነው።

«ሰውነት እንዲያርፍ መሃል ላይ መተው ያስፈልጋል»

አያስፈልግም። በዚያች «ዕረፍት» ያረገዘችውን ጠይቋት።

«ካልተስማማኝ መተው ብቻ ነው»

መቀየር አለ። ደም ካበዛ የሚታዘዝ መድኃኒትም አለ። ክንዷ ላይ የተቀበረውን «3 ዓመት ሳይሞላ አናወጣም» የሚል ባለሙያ ከገጠማት ተሳስቷል፤ በፈለገች ቀን ማስወጣት መብቷ ነው። የ3 ወሩ መርፌ ቀጠሮዋ ያለፈባትም ተስፋ አትቁረጥ። እስከ 4 ሳምንት ቢዘገይ ሄዳ መወጋት ትችላለች።