የቻይናው «ጣፊያ» የኛ ጣፊያ አይደለም

«አልትራሳውንድ ጣፊያህ ደህና ነው አለኝ፤ የቻይና ባህላዊ ሐኪሙ ደክሟል አለኝ። ማንን ልመን?» ይሄ ጥያቄ በጣም ተደጋገመ። ሁለቱ ስለ አንድ ነገር አይደለም የሚያወሩት።

ቻይናዎቹ «ፒ» የሚሉት፣ ሲተረጎም «ጣፊያ» የሚባለው፣ ምግብን ወደ ጉልበት ለመቀየር ሥራ የተሰጠ ስም ነው። ሆዳችን ውስጥ ያለው ጣፊያ ደም ያጣራል እንጂ ምግብ መፍጨት ውስጥ የለበትም። ጥንታዊው የቻይና የሕክምና መጽሐፍ «ሁዋንግዲ ኔይጂንግ» ቁጣ ጉበትን፣ ሐሳብ ማብዛት ፒን ይጎዳል ይላል።

የፈተና ሰሞን ነው እንበል። ልጅቷ ሁለት ጉርሻ ጎርሳ ትተወዋለች፤ ሆዷ ተነፍቷል። ባህላዊው ሐኪም «ሐሳብ ፒን አሰረው» ይላል። ዘመናዊው ደግሞ አንጎልና ጨጓራ በነርቭ ስለሚገናኙ ጭንቀት የጨጓራን እንቅስቃሴ ያውካል ይላል። (እኛስ «ሆዴ ባባ» እንል የለ?)

የጨጓራ ቁስለት ግን ሌላ ነው። ዋና መንስኤዎቹ ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያና እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች ናቸው። ለባክቴሪያው ግኝት አውስትራሊያውያኑ ሐኪሞች ማርሻልና ዋረን በ2005 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልመዋል።

የዘር ነገር ከሰው ሰው ይለያያል። ለጨጓራ ሕመም ተጋላጭነት ሊወረስ ይችላል፤ «የጨጓራ ጂን» የሚባል አንድ ነገር ግን የለም።

ሰገራችሁ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ፒ ምናምን ሳትሉ ቶሎ ሐኪም ቤት ሂዱ።