«ሳይደግስ አይጣላም» ከመብላት በፊት ነው

ባለፈው ሳምንት ድሬዳዋ ውስጥ ከከዚራ ወደ ሳቢያን በባጃጅ እየሄድኩ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ከሥራ መቀነሷን በስልክ ለሆነ ሰው እያለቀሰች ነገረች። ስትዘጋው ሹፌሩ ዞር እንኳ ሳይል «አይዞሽ፣ እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» አላትና ሙዚቃውን ከፍ አደረገው። እሷም ዝም አለች። እኔን ግን እስካሁን ይከነክነኛል።

አባባሉን በጣም ስለምወደው ነው።

ዛሬ ከተማ ውስጥ ድግስ የአንድ ቀን ጉዳይ ሆኗል፣ አዳራሽ ተከራይተህ ምግቡን ታዛለህ። እኔ ያደግኩት ሐረማያ አጠገብ ነው። እዚያ ጌሾው ይወቀጣል፣ ጋኑ በወይራ ይታጠናል፣ ይጠነሰሳል፣ ብቅሉ ይገባል፣ ቀን ይቆጠራል። ሰንጋውማ ወራት ይፈልጋል። የሐረርጌ ሰንጋ ቤት አጠገብ ታስሮ፣ ማሽላው ሲሳሳ የተነቀለውን ለጋ አገዳ እየቀለቡት ነው የሚሰባው። ጠዋት ጠዋት አገዳውን ታቅፌ ስመጣ ጤዛው ሸሚዜን እስከ ሆዴ ያርሰው ነበር።

ሰባት ዓመቴ ላይ ኩፍኝ ይዞኝ ዳንኩ። እማዬ ለቁልቢ ገብርኤል ተስላ ነበር። (ቁልቢ ከጥንቱም የስለት ቦታ ነው፤ ራስ መኮንን ለ1888ቱ የዓድዋ ዘመቻ ሲሄዱ ተስለው፣ ድል አድርገው ሲመለሱ አሠሩት ይባላል።) ሐምሌ 19 ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ዝናቡን ፈርታ ከቤት አትወጣም አለችኝ። «ትጠዪኛለሽ!» ብዬ ጮኽኩባት። ተቆጥታ ማጀት ገባች። እኔ በር ላይ ተቀምጬ ሳለቅስ የወይራው ጭስ መጣ። አክስቴ ጆሮዬን ያዝ አድርጋ «ይኼ ሁሉ ጭስ ለማን መሰለህ?» አለችኝ። እማዬ እንደተቆጣች ናት፣ ገና አንድ ጉርሻ አልቀመስኩም፣ ግን ደስ አለኝ።

አባባሉ ከሽምግልና የመጣ ነው የሚሉ አሉ፣ ከእርቅ በኋላ ስለሚበላ። እኔ አልቀበለውም። በእርቅ ጠቡ ይቀድማል፣ እዚህ ግን ድግሱ ነው የቀደመው። ማጀት ውስጥ ከምትጠነስስ እናት አፍ ነው የወጣው ባይ ነኝ። ሉቃስ ምዕራፍ 15 ላይ አባትየው የሰባውን ፊሪዳ እረዱ ሲል ፊሪዳው ሰብቶ ነበር እኮ! ከብት ያሰባ ሰው ይኼን አይስተውም። ልጁ አገር አቋርጦ ሄዶ ከእሪያ ጋር ሲራብ፣ እቤት አንድ ሰው ጠዋት ጠዋት እየቀለበ ነበር። ጳውሎስም «ሁልጊዜ በጌታ ደስ ይበላችሁ» ብሎ ለፊልጵስዩስ ሰዎች የጻፈው ታስሮ ሳለ ነው። ለእኔ የክርስቲያን የዕለት ደስታ ይኼ የጭሱ ደስታ ነው። መብራት በጠፋበት፣ ሙቀቱ በማያስቀምጥበት የድሬ ማታ ከሰል አቀጣጥለው ቡናቸውን እያፈሉ ከልባቸው «ተመስገን» የሚሉ እናቶች ያውቁታል።

እኛ ግን ወይ ቪዛው ከመጣ፣ ሹመቱ ከተገኘ በኋላ እንለዋለን፣ ወይ የሚያለቅስ ሰው ዝም ማሰኛ አደረግነው። ወንድሜ ሹፌሩ፣ መጀመሪያ ሙዚቃውን ቀንሰው። «ቁርስ በልተሻል ወይ?» በላት። አባባሉን ከዚያ በኋላ ትነግራታለህ።