የጌጣጌጥ ሳጥን ከሞገዳማ የዋልነት እንጨት

የጌጣጌጥ ሳጥን ሲያዩት ቀላል ዕቃ ነው፤ አራት ጎን፣ አንድ መደብ፣ አንድ ክዳን፣ በውስጡም ከፈይ የለበሰ መደርደሪያ። ለአናጢ ግን ከትልቅ ቁም ሣጥን ይልቅ የሚያስቸግረው እሱ ነው። ቁም ሣጥን ላይ የግማሽ ሚሊ ሜትር ክፍተት ማንም ልብ አይለውም፤ እጅ ላይ እየተገላበጠ በሚታይ ሳጥን ላይ ግን ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል። እንጨቱ ሞገዳማ ዋልነት ሲሆን ችግሩ ይደረባል። እንጨቱን ያስዋበው የጅማቱ መጠማዘዝ ነው፤ ሲላግ የሚቦጨቀውም፣ ሲደርቅ የሚጣመመውም በዚያው ጅማት ምክንያት ነው። ከሳንቃ መረጣ እስከ መጨረሻው ቅባት ያለው ሥራ ሁሉ ይህን ጅማት ማወቅና ለእሱ መዘጋጀት ነው።

እንጨቱ

ለሳጥን ሥራ በብዛት የሚገኙት ሁለት ዝርያዎች ናቸው። ጥቁር ዋልነት የሰሜን አሜሪካ ዛፍ ነው፤ የልቡ እንጨት ከቡናማ እስከ ጥቁር ቸኮላት ይደርሳል፣ አንዳንዴም የወይን ጠጅ ጥላ ይታይበታል። ለፍሬው ተብሎ የሚተከለው የአውሮፓና የእስያ ዋልነት ደግሞ ፈዘዝ ያለና ጠቆር ባሉ መስመሮች የተዥጎረጎረ ነው። ደረቅ ጥቁር ዋልነት በአንድ ሜትር ኩብ 610 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ለመጋዝም ለመሮም የሚታዘዝ፣ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው እንጨት ነው።

ሥዕሉ ከሦስት ቦታ ይመጣል። አንዳንድ ግንድ ላይ ጅማቱ ቀጥ ብሎ ከመውጣት ይልቅ እንደ ሞገድ ይወዛወዛል፤ ሲላግ ብርሃኑን በየአቅጣጫው ስለሚመልስ ሳንቃው ሲዘነበል የሚንቀሳቀስ ይመስላል። ሁለተኛው ባላው ነው፤ ግንዱ ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ ሁለቱ ጅማቶች ተጋፍተው የላባ ወይም የነበልባል ቅርጽ ይሠራሉ። ሦስተኛው በግንዱ ላይ የሚያብጠው እባጭ ሲሆን ጅማቱ አቅጣጫ የለውም፤ ጥቃቅን ዓይኖች የሞሉበት ነው። ሞገዳማው ሳንቃ በሙሉ ውፍረቱ ለጎን ይሆናል። ባላና እባጭ ግን እኩል ስለማይሸበሸቡ በወፍራሙ ከተሠሩ ይሰነጠቃሉ፤ ስለዚህ 0.6 ሚሊ ሜትር ያህል ተልጠው በማይንቀሳቀስ መሠረት ላይ፣ ለምሳሌ በኮምፔንሳቶ ላይ፣ ይለጠፋሉ። ልጣጩ በፊት ለፊት ብቻ ከተለጠፈ ኮላው ሲደርቅ መሠረቱን ጎትቶ ያጎብጠዋል፤ ከጀርባም ተመሳሳይ ልጣጭ ያስፈልጋል።

ልጣጭ የድህነት መፍትሔ አይደለም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ዋልነት የእንግሊዝና የፈረንሳይ ምርጥ የቤት ዕቃ እንጨት በነበረበት ጊዜም ምርጡ ሥዕል በልጣጭ ነበር የሚሠራው። በ1709 እ.ኤ.አ. አውሮፓን የመታው ብርቱ ብርድ ብዙ ዛፎች ገደለ፤ ፈረንሳይ በ1720 ዋልነት ወደ ውጭ እንዳይሸጥ ከለከለች፤ የእንግሊዝ አናጢዎችም ቀስ በቀስ ማሆጋኒ ወደሚባለው ቀይ ቡናማ እንጨት ዞሩ።

ሳንቃውን መክፈል

መካከለኛ ሳጥን 300 በ200 ሚሊ ሜትር፣ ከፍታው 110 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ውፍረት 10 ሚሊ ሜትር ቢሆን መጠኑ ያምራል። ከ12 ሚሊ ሜትር በላይ የወፈረ ጎን ሳጥኑን ግዙፍና ሸካራ ያስመስለዋል።

ጥሩ ሳጥን ላይ ሥዕሉ ሳይቋረጥ አራቱንም ማዕዘን ይዞራል። ለዚህ 30 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 600 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ሳንቃ በውፍረቱ መሐል ለሁለት ይሰነጠቃል። ሁለቱ ግማሾች እንደ መጽሐፍ ሲገለጡ የውስጥ ፊታቸው አንዱ የሌላው መስተዋት ይሆናል፤ ያ ፊት የሳጥኑ ውጭ ነው። ከእያንዳንዱ ግማሽ አንድ ረጅምና አንድ አጭር ጎን ተከታትለው ይቆረጣሉ። ከመቁረጥ በፊት በኖራ ጠመኔ የትኛው ጫፍ ከየትኛው እንደሚገናኝ ምልክት ማድረግ ግድ ነው፤ አንዱ ጎን ከተገለበጠ ሥዕሉ ሁለት ማዕዘን ላይ ይሰበራል፣ የሚተካ እንጨትም አይገኝም። ከአንድ ያልተሰነጠቀ ሳንቃ ዙሪያውን መቁረጥም ይቻላል፤ ያኔ አራተኛው ማዕዘን አይገጥምምና ወደ ኋላ ይዞራል።

የተሰነጠቀ ሳንቃ በዚያው ቀን ወደ መጨረሻ ውፍረቱ አይላግም። ውስጡ ከውጩ ይበልጥ እርጥብ ስለሆነና የታፈነ ውጥረት ስለሚለቀቅ ሁለት ሳምንት ያህል፣ አየር በሁለቱም ፊት እንዲያገኘው ተደርጎ፣ በቀጫጭን እንጨት ላይ ይቀመጣል። ለቤት ውስጥ ዕቃ የሚፈለገው የእርጥበት መጠን ከ6 እስከ 8 በመቶ ነው። ተጣሞ ሲጨርስ የተረፈው 3 እና 4 ሚሊ ሜትር ይላጋል።

መላግ

ብዙ ሳንቃ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሞገዱ ሲወጣ ስለቱ ከጅማቱ ጋር ይሄዳል፣ ሲወርድ ከጅማቱ በታች ገብቶ ቁራጭ ነቅሎ ይወጣል። በማሽን ከሆነ በአንድ ዙር ከግማሽ ሚሊ ሜትር በላይ አለመውሰድና ሳንቃውን ሰያፍ አድርጎ ማሳለፍ ጉዳቱን ይቀንሳል። በእጅ መላጊያ ከሆነ ስለቱ ከሳንቃው ጋር የሚሠራው አንግል ከተለመደው 45 ዲግሪ ወደ 55 ወይም 60 ከፍ ይበል፤ መላጊያ መለወጥ ሳያስፈልግ በስለቱ ጠፍጣፋ ጀርባ ላይ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ትንሽ ሰያፍ በመሳል ይገኛል። ሌላው መንገድ በስለቱ ላይ የሚታሰረውን መስበሪያ ብረት ከስለቱ ጫፍ 0.2 ሚሊ ሜትር እስኪቀረው ማስጠጋት ነው። ከመላጊያው የሚወጣው ፍርፋሪ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ መሆን አለበት። ከዚያ በኋላም የሚቦጨቅ ቦታ በመፋቂያ ብረት ይስተካከላል እንጂ በብርጭቆ ወረቀት ብቻ አይታገሉትም፤ አንድ ቦታ ላይ ሲፈተግ ጉድጓድ ይወጣና ቅባቱ ሲደርቅ ፊቱ ሸለቆ ሆኖ ይታያል።

ማዕዘኖቹ

ሥዕሉ እንዲዞር የሚፈቅደው በ45 ዲግሪ የተቆረጠ ማዕዘን ነው። ጥርስ ለጥርስ የሚገባ ማያያዣ ይበልጥ ይጠነክራል፣ ግን ሥዕሉን ማዕዘኑ ላይ ይቆራርጠዋል፤ ሞገዳማ እንጨት ላይ ያ ኪሳራ ነው። አራት ማዕዘን ማለት ስምንት ቁረጥ ነው፤ እያንዳንዱ በሩብ ዲግሪ ቢሳሳት የመጨረሻው ማዕዘን በ2 ዲግሪ ይከፈታል። ስለዚህ ከመጋዝ የወጣው ቁረጥ በ45 ዲግሪ ደጋፊ ላይ ተይዞ በሹል መላጊያ ይስተካከላል። ትይዩ ጎኖች ጀርባ ለጀርባ ተደርገው በጣት ሲዳሰሱ ርዝመታቸው ፍጹም እኩል ካልሆነ፣ አንግሉ ትክክል ቢሆንም ሳጥኑ አይገጥምም።

ኮላ ሲቀባ የተቆረጠው ጫፍ እንደ ገለባ ይመጠዋል። መጀመሪያ በስሱ ተቀብቶ አምስት ደቂቃ ይጠበቃል፤ ከዚያ ሁለተኛው ይቀባል። አራቱ ጎኖች ውጫዊ ፊታቸው ወደ ላይ ሆኖ ጫፍ ለጫፍ ተደርድረው በሰፊ ፕላስተር ይያያዛሉ፤ ተገልብጠው መደቡ አስቀድሞ በጎኖቹ ውስጠኛ ፊት ላይ በተቆረጠው ቦይ ውስጥ ይገባና ሳጥኑ ይጠቀለላል። ሁለቱ ሰያፍ ርዝመቶች እኩል መሆናቸው ኮላው ሳይይዝ ይለካ። የብረት ሞርሳ ከእርጥብ ኮላ ጋር ዋልነትን በቀጥታ አይንካ፤ ብረትና በእንጨቱ ውስጥ ያለው ታኒን የተባለ ንጥረ ነገር ሲገናኙ ሰማያዊ ጥቁር እድፍ ይወጣል።

ኮላ ብቻ የያዘው ማዕዘን ደካማ ስለሆነ ከ24 ሰዓት በኋላ ከውጭ 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ስንጥቆች ተቆርጠው ስስ የእንጨት ቁልፍ ይገባባቸዋል። በ10 ሚሊ ሜትር ጎን ላይ የማዕዘኑ ሰያፍ 14 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ስንጥቁ 10 ሚሊ ሜትር ቢጠልቅ ውስጥ አይወጣም። የቁልፉ ጅማት መጋጠሚያውን አቋርጦ መሄድ አለበት፤ አለዚያ በትንሽ ኃይል ይሰበራል። የተረፈው ሲላግ ከማዕዘኑ ወደ ውስጥ ነው፤ ወደ ውጭ ከተላገ ጫፉ ተቦጭቆ ይሄዳል።

መደብና ክዳን

መደቡ 6 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ቢሆን ጣጣ የለውም። ክዳኑ ግን ሙሉ ዋልነት ከሆነ ይነፋል፣ ይሸበሸባል። ወርዱ 200 ሚሊ ሜትር የሆነ ሳንቃ እርጥበቱ በ4 በመቶ ሲለወጥ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይንቀሳቀሳል። ዙሪያውን በኮላ የተያዘ እንደሆነ ወይ ራሱ ይሰነጠቃል ወይ ማዕዘኖቹን ይከፍታል። ቦዩ ውስጥ በየጎኑ 1.5 ሚሊ ሜትር ቦታ ይተውለትና መሐል ላይ ብቻ ጠብታ ኮላ ይደረግ። ከመግባቱ በፊት ቅባቱ ተቀብቶ ይለቅ፤ አለዚያ በደረቅ ወራት ሲሸበሸብ ያልተቀባ ነጣ ያለ መስመር ይገለጣል።

ክዳኑና ሣጥኑ አንድ ላይ ተገጥመው ኋላ ቢቆረጡ ሥዕሉ ይገጥማል። መጋዙ ዙሪያውን ሲቆርጥ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ይተውና ቀሪው በቢላ ይለቀቅ፤ ሙሉ በሙሉ ከተቆረጠ ክዳኑ በመጨረሻ ላይ ወርዶ መጋዙን ይይዘዋል።

ማጠፊያ

የናስ ማጠፊያ ይመረጣል። ቦታው መጀመሪያ በሹል ቢላ ይከለላል፣ ቀጥሎ በመሮ ይቆፈራል። ጥልቀቱ ከበዛ ክዳኑ ከኋላ ተጋፍቶ ከፊት አይዘጋም፤ ካነሰ ከኋላ ክፍተት ይቀራል። ናስ ብሎን ለስላሳ ስለሆነ አንገቱ ይቀነጠሳል፤ ቀዳዳው በፑንታ ከተበሳ በኋላ ተመሳሳይ የብረት ብሎን ገብቶ መንገዱን ይሥራ፣ ናሱ በሰም ተቀብቶ መጨረሻ ይግባ። ክዳኑ ከ95 እስከ 100 ዲግሪ ላይ የሚይዘው ሰንሰለት ወይም ማቆሚያ ከሌለው ብሎኖቹ አንድ ቀን ተነቅለው ይወጣሉ።

ቅባትና ልባስ

በ120፣ በ180 እና በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ከተፈተገ በኋላ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ አድርጎ፣ ሲደርቅ የቆመውን ቃጫ እንደገና በ220 ማንሳት ይጠቅማል። ቀለም ያለው ማቅለሚያ ሞገዱን ያደፈርሰዋል። ዘይት ወይም ሼላክ (በአልኮል የሚሟሟ የሙጫ ቅባት) ግን ብርሃኑን ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ሁለትና ሦስት ስስ ዙር ዘይት፣ እያንዳንዱ 15 ደቂቃ ቆይቶ በጨርቅ ተጠርጎ፣ ይበቃል። ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨምድዶ ከተጣለ ራሱ ሊቀጣጠል ስለሚችል ተዘርግቶ ይድረቅ። ሳጥኑ ውስጥ ዘይት አይቀባ፤ አየር ስለማያገኝ ለወራት ይሸታል። ለውስጥ ሼላክ ይሻላል። ዋልነት ከብዙ እንጨቶች በተቃራኒ ፀሐይ ሲያገኘው እየነጣ ስለሚሄድ መስኮት ሥር አይቀመጥ።

ልባሱ ላይ ሱፍ መወገድ አለበት። ሱፍና የጎማ ስፖንጅ የሰልፈር ውህድ ስለሚለቁ ብርን ያጠቁራሉ፤ የጥጥ ከፈይ ይመረጣል። ጨርቁ በቀጥታ እንጨቱ ላይ አይለጠፍም፤ በ1.5 ሚሊ ሜትር ካርቶን ላይ ይጠቀለላል፣ ካርቶኑም ለጨርቁ ውፍረት ሲባል በየአቅጣጫው 2 ሚሊ ሜትር ያንሳል። የቀለበት ቦታ 20 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያላቸው ጥቅሎች ተጠጋግተው ሲደረደሩ ይወጣል። የላይኛው መደርደሪያ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ኖሮት ከሳጥኑ ውስጥ ስፋት 1 ሚሊ ሜትር ይነስ፤ በልክ የተሠራ መደርደሪያ እርጥብ ወራት ሲመጣ ተጣብቆ አይወጣም።

የዋልነት አቧራ ቆዳንና አፍንጫን ያስቆጣል፤ ጭምብል አስፈላጊ ነው። የጥቁር ዋልነት መላጊያ ፍርፋሪ ደግሞ ለፈረስ መኝታ አይነጠፍም፤ ኮቴውን ያሳብጣል።