ቤንዚን የበዛበት ካርቡሬተር ምንድን ነው?

ጥቁር ጭስ የሚተፋ፣ መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲቆም የሚያስል፣ ታንኩም ቶሎ ቶሎ ባዶ የሚሆን ሞተር ሳይክል ባሕር ዳር ውስጥ ወደ ጋራዥ ሲገባ ፍርዱ አጭር ነው፦ «ቤንዚን በዝቶበታል»። ወዲያው ካቻቢቴ ይነሳና ቤንዚንን ከአየር ጋር ከሚቀላቅለው ካርቡሬተር ጎን ያለችው ትንሽ ብሎን መዞር ትጀምራለች። ፍርዱ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። ካቻቢቴውን ማንሳት ግን ችኮላ ነው፤ ብሎኗ ከብዙ ተጠርጣሪዎች አንዷ ናት፣ ያውም ብዙውን ጊዜ ምንም ያላጠፋችው።

ቤንዚን በዛ የሚባለው ከአየሩ ጋር ተመዝኖ ነው። አንድ ግራም ቤንዚን ተሟጦ እንዲቃጠል 14.7 ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ሞተር ሙሉ ጉልበቱን የሚያወጣው አየሩ ከዚህ ትንሽ ሲያንስ፣ 13 ግራም አካባቢ ሲሆን ነው። ሲቀዘቅዝ ያደረ ሞተር ደግሞ ማለዳ ለመነሳት ከዚያም የወፈረ፣ ማለትም ቤንዚን የበዛበት ድብልቅ ይጠይቃል፤ ቾክ የተሠራው ለዚሁ ነው። በሽታ የሚሆነው ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ድብልቁ አልቀጥን ሲል ነው። ውሃ የጎደለበት ሽሮ ዱቄት ሳይጨመርበት እንደሚወፍር ሁሉ፣ ድብልቁም ጠብታ ቤንዚን ሳይጨመር አየር በመጉደሉ ብቻ ሊወፍር ይችላል።

የትናንሽ ሞተሮች ካርቡሬተር የሚሠራው በመሳብ ነው። ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ አየር በጠባብ ጉሮሮ ውስጥ ያልፋል። ጠባቡ ቦታ ላይ ሲደርስ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ግፊቱ ይቀንሳል፤ በዚህ ጊዜ ከሥር ባለችው ማጠራቀሚያ ውስጥ ያለው ቤንዚን በቀጫጭን የነሐስ ቀዳዳዎች በኩል ወደ ላይ ይሳባል። መጠኑን የሚወስኑት እነዚያ ቀዳዳዎች ናቸው። ስፋታቸው በፋብሪካ ተወስኖ ይመጣል እንጂ ሞተሩ የሚነዳበትን ከተማ አያውቁም።

ከተማዋ ደግሞ ለውጥ ታመጣለች። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። በጉሮሮው የሚያልፈው አየር ይዘቱ ያው ሆኖ ክብደቱ ይቀላል፤ የሚሳበው ቤንዚን ግን በዚያው ልክ አይቀንስም። በዚህ ምክንያት ለባሕር ወለል የተስተካከለ ተራ ካርቡሬተር እዚህ ሲመጣ ድብልቁ ወደ 10 በመቶ ገደማ ይወፍራል። ማንም ሳይነካው ማለት ነው።

ማረጋገጫው እሳት በሚጭረው ካንዴላ ላይ ይገኛል። ቆሞ ሲያጓራ ከነበረ ሞተር የተፈታ ካንዴላ ብዙ አይናገርም። ይልቅ በአንድ ወጥ ፍጥነት ጥቂት ነድቶ፣ ለምሳሌ አዲሱን የዓባይ ድልድይ ተሻግሮ፣ መኪና በሌለበት ዳር ይዞ ፍሪሲዮኑን በመጨበጥ ሞተሩን ማጥፋት ነው። ሲበርድ ካንዴላውን ፈትተው በመሐል ያለውን የሸክላ ጫፍ ይመልከቱ። ፈዛዛ ቡናማ ከሆነ ድብልቁ ደህና ነው። ደረቅ፣ ጥቁርና በጣት ሲነካ የሚለቅ ጥላሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቷል። ጥቁር ሆኖ እርጥብና ቅባታም ከሆነ ግን ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ ጭሱም ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ካርቡሬተሩን መፍታት ጊዜ ማባከን ይሆናል። ሌላው ምልክት ጸባዩ ነው፦ ቤንዚን የበዛበት ሞተር ማለዳ ያለ ቾክ ተነሥቶ በደንብ ይሠራል፣ እየሞቀ ሲሄድ ይከፋል።

ምርመራው ከአየሩ በኩል ይጀምር። በበጋ በዘጌ ወይም በጢስ ዓባይ አቅጣጫ ባሉ የገጠር መንገዶች አቧራ ሲጠጣ የሚውል ሞተር የአየር ፊልትሮው ቢታፈን አይገርምም። ስፖንጅ ከሆነ ይታጠባል፣ በደንብ ይደርቃል፣ በጥቂት ዘይት ይታሻል፤ ዘይቱ ሲበዛ እሱ ራሱ አየሩን ይዘጋዋል። ወረቀት ከሆነ ይቀየራል። ፊልትሮውን አውጥቶ ለአፍታ ማስነሣት ጥሩ ሙከራ ነው፤ ያለ ፊልትሮ መንዳት ግን ሲሊንደሩን በአሸዋ እንደ መሞረድ ይቆጠራል። ቾኩም እስከ መጨረሻው መመለሱ ይታይ፤ ገመዱ ዝጎ በግማሽ ተከፍቶ የሚቀርበት ጊዜ አለ።

ቀጥሎ ማጠራቀሚያዋ ትፈተሽ። ውስጧ ያለው ተንሳፋፊ ቤንዚኑ ልኩ ላይ ሲደርስ መግቢያውን በትንሽ መርፌ ይዘጋል። ማደያ ላይ ሰልፉ ሲረዝም ከመንገድ ዳር በጀሪካን የሚገዛው ቤንዚን ደለል ይዞ ይመጣል። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት መርፌው ጫፍ ላይ ከተቀመጠች መግቢያው አይዘጋም፤ ማጠራቀሚያዋ ከልክ በላይ ትሞላለች፣ ከትርፍ መውጫው ቱቦም ይንጠባጠባል። ተንሳፋፊው ተቀዶ ቤንዚን ገብቶበት ከሰጠመም ውጤቱ ያው ነው።

እኔን የሚያናድደኝ ግን ሽቦው ነው። የተዘጋችን የነሐስ ቀዳዳ በሽቦ የሚጎረጉር ሰው ያጸዳት ይመስለዋል። ነሐስ ለስላሳ ነው። የ1 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ 1.1 ከሆነች የመተላለፊያዋ ስፋት በ21 በመቶ ይጨምራል፤ ከዚያ በኋላ ምንም ዓይነት የብሎን ማስተካከያ አይመልሳትም፣ መቀየር ብቻ ነው። ለማጽዳት ቤንዚንና ከኮምፕሬሰር የሚወጣ ንፋስ ይበቃል።

ይህ ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ የብሎኗ ተራ ይደርሳል። እሷ የምታዘው ሚኒሞውን፣ ማለትም የነዳጅ እጀታው ሳይዞር ሞተሩ የሚሠራበትን ሁኔታ፣ እንዲሁም እጀታው እስከ ሩብ ገደማ ሲዞር ያለውን ብቻ ነው። ሁለት ዓይነት መሆኗ ብዙ ሰው ያሳስታል። ከካርቡሬተሩ ወደ ሞተሩ በሚቀርበው ጎን ካለች ብዙውን ጊዜ ቤንዚን የምታሳልፍ ናትና ስትጠብቅ ድብልቁ ይቀጥናል። ወደ ፊልትሮው በሚቀርበው ጎን ካለች አየር የምታሳልፍ ናት፤ ስትጠብቅ ይወፍራል። ይህን ሳይለዩ መጀመር ችግሩን በገዛ እጅ ማባባስ ነው።

መነሻው እንዲህ ነው፦ ብሎኗን በሁለት ጣት ቀስ አድርገው እስክትቆም ያጥብቁ፤ ጫፏ ሹል ስለሆነ በጉልበት ከተጫኗት መቀመጫዋን ትጎዳለች። የዞረችውን ቆጥረው ይያዙ። የብዙ ሞተሮች ልክ ከዚያ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ተኩል ዙር መፍታት ነው። ሞተሩን በደንብ አሙቁ፣ ሚኒሞውን ትንሽ ከፍ አድርጉ፣ ከዚያ ሩብ ዙር እያዞራችሁ በየመሐሉ ጥቂት ሰከንድ ታገሡ። ድምፁ የሚፈጥንበትና የማይቆራረጥበት ቦታ አለ፤ ከዚያ ብታልፉ ተመልሶ ይዝላል። ያን ከፍተኛ ቦታ ይዛችሁ ሚኒሞውን በራሱ ብሎን ወደ ልኩ አውርዱ። ሥራው ሜዳ ላይ ይሁን፤ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ ይገድላል።

ጭሱ የሚመጣው ሚኒሞ ላይ ሳይሆን እጀታው በግማሽ ሲዞር ከሆነ ወንጀለኛው መካከለኛው መርፌ ነው፤ ይህ የተንሳፋፊው መርፌ ሳይሆን እጀታው ሲዞር ከፍ ዝቅ የሚለው ነው። ብዙዎቹ መርፌዎች አናታቸው አካባቢ ጥቂት ጭረቶችና አንዲት ቀለበት አሏቸው፤ ቀለበቷን አንድ ጭረት ወደ ላይ ማውጣት መርፌውን ዝቅ ያደርገዋል፣ ድብልቁም ይቀጥናል። እጀታው ሙሉ በሙሉ ሲዞር ብቻ የሚታፈን ከሆነ ዋናውን ቀዳዳ በአንድ ቁጥር አነስ ባለ መቀየር ነው።

ማቅጠን ሲጣፍጥ ግን ወሰን ያስፈልገዋል። የወፈረ ድብልቅ ቤንዚን ያባክናል፣ ካንዴላ ያጠቁራል፣ ዘይትም ያቀጥናል፤ ከመጠን በላይ የቀጠነ ግን ሞተሩን ያግላል፣ ፒስተን እስከ መብሳት ይደርሳል። ከ2,600 ሜትር በላይ ባለችው ደብረ ታቦር ላይ በልኩ የቀጠነ ካርቡሬተር ከ1,000 ሜትር በታች ወዳለው መተማ ሲወርድ ብዙ አየር ያገኛል፣ ድብልቁም ያለ ልክ ይቀጥናል። ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው ካንዴላ መፍቻውን ይያዝ፤ ሸክላው ነጭ ሆኖ ካገኘው መርፌውን አንድ ጭረት ከፍ ያድርግ፣ ዋናውን ቀዳዳ ሰፋ ባለ ሳይቀይርም እጀታውን ሙሉ በሙሉ አያዙር።