ሕግ ነጻ ያለው፣ ደም ያልለቀቀው፦ ራስን መከላከል በወሎ

ሌሊት በረቱ ይንኮሻኮሻል። ባለቤቱ መሣሪያውን ይዞ ብቅ ሲል ሌባው በሬውን ጥሎ እግሬ አውጪኝ ይላል። ከዚህ በኋላ የምትተኮሰው ጥይት ራስን መከላከል ናት? በወሎ ገጠር ይህ የሚያነታርክ ጥያቄ ነው።

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 ሕገ ወጥ ጥቃትን መመከት አያስቀጣም ይላል። ጥቃቱ የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ፣ በሌላ መንገድ ሊቀር የማይችል መሆን አለበት። ምላሹም ከአደጋው ጋር መመጣጠን አለበት። «ሽሽ» የሚል አንቀጽ የለም። ግን «በሌላ መንገድ» የምትለዋ ነገር ስንቱን አስራለች! ጀርባውን ሰጥቶ ባዶ እጁን የሚሮጥ ሌባ ላይ መተኮስን ደግሞ መመከት ማለት ይከብዳል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1148 በሬውን ከሚሸሽ ሌባ እጅ ወዲያው በጉልበት ማስጣልን ይፈቅዳል፤ ከሁኔታው ያለፈ ኃይልን ግን አይፈቅድም።

በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጉዳዩ በአንቀጽ 74 እና 75 ነበር። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት ሕግ 78 እና 79 ሆነ። ቁጥሩ ተቀየረ እንጂ ፍሬ ነገሩ ያው ነው ማለት ይቻላል። ወሰን ያለፈ ሰው ቅጣቱ ይቀልለታል፤ ያለፈው በድንጋጤ ወይም በፍርሃት ከሆነ ጭራሽ ላይቀጣም ይችላል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፦ ተራ ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ሲያስከትል፣ መከላከልን አልፎ መግደል በአንቀጽ 541 ቢበዛ 5 ዓመት ቀላል እስራት ነው። የመሣሪያው ፈቃድ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ለብቻው ይጠየቃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ራሱን የተከላከለ ሰው ያለመከሰስ መብት የለውም። ሊያዝም፣ ሊመረመርም ይችላል።

ፍርድ ቤት ነጻ ቢለውስ? ደሙ አልደረቀም። በተለይ ወደ አፋር አዋሳኝ በሆኑት ወረዳዎች የደም ነገር የሚያዘው በአበጋር ነው፤ አበጋርነት በዘር የሚወርድ የሽምግልና ማዕረግ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ለባህላዊ ዳኝነት በር የከፈተው ለግልና ለቤተሰብ ክርክር ነው፤ ለነፍስ ግድያ አይደለም። አበጋሩ ግን የሚፈርደው ጥፋተኛ ማን እንደሆነ ብቻ አይደለም። የሟች ወንድም ነገ እንዳይተኩስ ነው የሚደክመው። ስለዚህ «ተከላክዬ ነው» የሚለው ክርክር እዚያ ብዙም አያዋጣም፤ የፈሰሰ ደም ደም ነው። ሁለቱ ወገኖች ይቀመጣሉ፣ ቡናው ይፈላል፣ ዱዓው ይደረጋል፣ ካሣው ይቆረጣል።

እስከዚያው ድረስ ነጻ የወጣው ሰውዬ ገበያ የሚወርደው በሌላኛው መንገድ ዞሮ ነው።