403 ስላየን ማዕቀብ ተጣለብን ማለት አይደለም

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ ኮድ ተማሪዎች፣ «አንድ ድረገጽ 403 ካለን ኢትዮጵያ ማዕቀብ ተጥሎባት ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ስለተደጋገመ ላብራራው። «403» ማለት ሰርቨሩ ጥያቄህን ሰምቶ «አላስገባም» አለ ማለት ነው። ምክንያቱን አይናገርም፤ ቪፒኤንህም፣ የድርጅቱ ምርጫም፣ ማዕቀብም ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ቪፒኤኑን አጥፍታችሁ ሞክሩ። ገጹ ጭራሽ ካልከፈተና ዝም ብሎ ከተሽከረከረ ግን ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የኔትወርክ ነው።

በ2021 (በፈረንጆች) አሜሪካ በኢትዮጵያ ጉዳይ ያወጣችው የማዕቀብ ትእዛዝ ያነጣጠረው በተለዩ ሰዎችና ድርጅቶች ላይ እንጂ በመላው አገር ላይ አልነበረም።

ማዕቀብ በአገር ሙሉ ላይ ሲጣል ምን እንደሚመስል ኢራንን እዩ። የአሜሪካ ግምጃ ቤት በ2014 ዲ-1 በተባለ ፈቃድ የመልእክት መለዋወጫ ሶፍትዌሮችን ፈቀደ፤ በ2022 ደግሞ በዲ-2 አሰፋው። ሕጉ ይህን ያህል ከፈቀደ ማን ይዘጋል? ቅጣት የፈሩ ኩባንያዎች ናቸው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆነና ከታዘዙት በላይ ይዘጋሉ። የኮድ ማስቀመጫው ጊትሃብ በ2019 የኢራናውያንን የግል ማከማቻዎች ገድቦ፣ የከፈተላቸው በ2021 ፈቃድ ካገኘ በኋላ ነው።

ከሁሉ የሚከነክነው የመልእክት መተግበሪያው የሲግናል ነገር ነው። የኢራን መንግሥት ሲዘጋው፣ ሲግናል ትራፊኩን የጉግል አፕ ኢንጂን (መተግበሪያዎች በጉግል ሰርቨሮች ላይ የሚሠሩበት አገልግሎት) አስመስሎ ሊያሳልፍ አሰበ። ጉግል ግን በማዕቀቡ ምክንያት አፕ ኢንጂንን ራሱ ለኢራን ዘግቶ ነበር። ተጠቃሚው ከውስጥም ከውጭም ተቆለፈበት፤ የቀረው ምንጩ ያልታወቀ፣ ቫይረስ ሊኖርበት የሚችል ቪፒኤን ከየቴሌግራሙ መልቀም ነው።