2147483647 ምንድን ነው?

ደሴ ፒያሳ ስልክ የሚጠግኑ ልጆች ይህን በደንብ ያውቁታል፦ ባትሪው ጨርሶ የሞተ ስልክ ሲነሳ ቀኑ አንዳንዴ 1970 ይላል። ብዙ ስልኮችና ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚቆጥሩት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ወዲህ ባለፉት ሰከንዶች ነው። በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. መሆኑ ነው። በ32 ቢት (0 ወይም 1 በሚጻፍባቸው 32 ቦታዎች) የሚሠራው የድሮው ቆጠራ ጣሪያ ደግሞ 2147483647 ነው። ከዚያ በላይ አያልፍም።

ይህ ቁጥር ፕራይም ነው። ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም። አገኛኘቱም ቀላል ነው፤ ከ1 ተነሱ፣ 31 ጊዜ እጥፍ አድርጉ፣ ከመጨረሻው ላይ 1 ቀንሱ። በዚህ መንገድ የሚገኙት ፕራይሞች የመርሴን ፕራይም ይባላሉ። ማሪን መርሴን በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ ፈረንሳዊ መነኩሴ ነበር።

እጥፍ የምናደርግበት ብዛት ፕራይም ካልሆነ ውጤቱም አይሆንም። ፕራይም ቢሆንም ግን ዋስትና የለም። 11 ጊዜ እጥፍ አድርጋችሁ 1 ስትቀንሱ 2047 ይመጣል፤ እሱ ደግሞ 23 ሲባዛ በ89 ነው።

ታዲያ የኛው ቁጥር እንደማይካፈል በምን ታወቀ? ይህን እንደ ፈረንጆች በ1772 ያረጋገጠው የሒሳብ ሊቁ ሊዮናርድ ኦይለር ነው። ቁጥሩ አካፋይ ካለው፣ ቢያንስ አንዱ ከ46341 ማነሱ አይቀርም፤ 46341 በራሱ ሲባዛ ከቁጥራችን ይበልጣልና። ጎዶሎ ቁጥሮቹን ብቻ እንሞክር ብንል እንኳ ከ23,000 በላይ ናቸው። ካልኩሌተር በሌለበት ዘመን አስቡት!

ኦይለር ከመሞከሩ በፊት አጣራ። 23 እና 89ን እዩዋቸው። ከሁለቱም 1 ቀንሱ፤ 22 እና 88 ይሆናሉ። ሁለቱም የ22 ብዜት ናቸው፤ 22 ደግሞ የ11 እጥፍ ነው። ይህ የአጋጣሚ ነገር አይደለም፣ ሁልጊዜም እንዲሁ ነው። ስለዚህ በ31 የተሠራውን የሚያካፍል ፕራይም ካለ፣ 1 ሲቀነስለት የ62 ብዜት መሆን አለበት። ሁለተኛም ማጣሪያ አለ፦ አካፋዩ ለ8 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 7 ብቻ ነው። 89 እና 23ን ሞክሯቸው፣ ልክ ይመጣሉ። ሁለቱን ማጣሪያዎች ስታጋጥሟቸው ያ ሁሉ ብዛት ከ400 በታች ይወርዳል። ከእነሱም አንዱ እንኳ አላካፈለውም። ለእኔ ከቁጥሩ ትልቅነት ይልቅ የሚደንቀኝ ይህ ነው፤ 23,000ውን ሥራ ወደ 400 ያወረደው ማሰብ ብቻ ነው።

ሰከንዱ ጣሪያው ላይ የሚደርሰው ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ጠዋት 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ነው። ጥምቀት ነው! ላሊበላ ላይ ታቦታቱ ከባሕረ ጥምቀቱ ዳር ባደሩበት ጠዋት ማለት ነው። እስከዚያ ያልታደሰ የድሮ ሶፍትዌር ካለ፣ ቀኑን ወደ 1901 እንደ ፈረንጆች ሊመልሰው ይችላል። አዳዲሶቹ ግን ወደ 64 ቢት ተሻግረዋል። የእነሱ ጣሪያ 63 ጊዜ እጥፍ ተደርጎ 1 የተቀነሰለት ነው። 63 ፕራይም ስላልሆነ አዲሱ ጣሪያም ፕራይም አይደለም፤ ለ7 ይካፈላል።